ባዶ ክፍል አይመዘገብም

ማርማላታ ሠሪዋ ብርቱካን ገዝታ ስትመለስ የማምረቻ ክፍሏ ባዶውን አፍጥጦ ጠበቃት። ትልቁ ድስት የለም፣ ምድጃው የለም፣ ሚዛኑም ጠርሙሶቹም የሉም። ወለሉ ግን እንደ መስታወት ያበራል። ባሏ መሀል ላይ ቆሞ፣ መጥረጊያውን ተደግፎ፣ ሽልማት እንደሚጠብቅ ሰው ፈገግ ብሏል።

«ሌባ ገባ እንዴ?» አለችው።

«ሌባማ ይህን ያህል አያጸዳም። ዕቃውን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ቤት ወስጄ ደበቅሁልሽ።»

«ደበቅህልኝ?»

«ዛሬ የምግብ ተቆጣጣሪው ይመጣል አላልሽም? ስሚኝማ፣ ሰው ባላየው ነገር ምን ብሎ ይከስሻል?»

ሰውየው ዕድሜውን የፈጀው የጭነት መኪና መሪ ላይ ነው። ኬላ ሲደርስ ትርፉን ጭነት ከሸራ ሥር ሸጉጦ፣ ፊቱን እንደ ጻድቅ አለስልሶ ማለፍ ለምዷል። ጡረታ ከወጣ በኋላም ቢሆን ወረቀት የያዘ ሰው ሁሉ የኬላ ጠባቂ ይመስለዋል። ሚስቱ ግን ለምዝገባ ያመለከተችው ልትታይ እንጂ ልትሰወር አልነበረም። ማርማላታዋን የሚሸጥላት ትልቁ ሱቅ፣ ማምረቻዋ ካልተመዘገበና የምዝገባ ቁጥሩ ጠርሙሱ ላይ ካልተለጠፈ፣ ከሰኞ ጀምሮ ዕቃዋን ከመደርደሪያው እንደሚያወርድ ቁርጡን ነግሯታል። ከዚያ ከወረደች ገዢ የሚቀራት ጎረቤት ነው። ጎረቤት ደግሞ ቀምሶ ማመስገን እንጂ መግዛት ብዙም አይሆንለትም።

የልቧን ልትነግረው አፏን ስትከፍት በሩ ተንኳኳ።

ተቆጣጣሪው ነጭ ጋዋኑን ክንዱ ላይ ጣል ያደረገ፣ ረጋ ያለ ጎልማሳ ነው። ግድግዳውን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ቧንቧውን ከፍቶ ዘጋ።

«ክፍሉ ደህና ነው» አለ። «ማምረቻው የታለ?»

ባልየው ቀደም አለና፣ «ገና አልጀመርንም ጌታዬ። ሲፈቀድልን ነው» አለ።

«እንዲያ ከሆነ ተሳስቼ ነው የመጣሁት። እኔ የምመዘግበው ሥራ ላይ ያለውን ነው፤ ባዶ ክፍል አይመዘገብም። እንደ አዲስ አመልክታችሁ ተራ ትጠብቃላችሁ።»

ሴትየዋ ጠርሙሶቿ ከሱቁ መደርደሪያ ላይ ሲወርዱ ታያት። ባሏን ሰው ፊት ማሳጣት አትወድም። ግን የሱን ክብር አድናለሁ ብላ ሥራዋን አትቀብርም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጀምረናል» አለች ቀና ብላ። «ዕቃው ልብስ ሰፊው ቤት ነው። ባለቤቴ እንግዳ ሲመጣ ማጽዳት ይወዳል፤ ዛሬ ትንሽ አበዛው። ጥቂት ቢታገሱኝ ሁሉንም እርስዎ እያዩ አጥቤ፣ ስሠራ ያዩኛል።»

ተቆጣጣሪው ባልየውን ከላይ እስከ ታች ቃኘው። «ሹፌር ነበሩ?»

«እንዴት አወቁ?»

«እኔም ድሮ ኬላ ላይ ነበርኩ።»

ባልየው ድስቱን ሊያመጣ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ድስቱን እንደ ባርኔጣ ደፍቶ ሲመለስ፣ ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ምድጃውን ተሸክሞ ተከተለው። ሰፈሩ ሁሉ ቤት የሚለቁ መስሎት አጥር ላይ ተንጠላጥሎ አየ።

እሷ ማንንም አላየችም። ፀጉሯን ሸፈነች፣ እስከ ክርኗ ታጠበች፣ ዕቃውን በፈላ ውሃ አለቀለቀች፣ ብርቱካኑን ልጣ ስኳሩን መዘነች።

«ጠርሙሶቹን መቼ ነው የሚቀቅሏቸው?» አለ ተቆጣጣሪው።

«ማርማላታው ሊደርስ ሲል። ትኩሱን በትኩስ ነው የምሞላው።»

ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ ሊያምር ሲል የሳሎኑ በር ተከፈተና ባልየው፣ እንደ ልማዱ ድስቱን ሊያሸት፣ ከነጫማው ዘው አለ።

«ይህ በር ከመኖሪያው ጋር ያገናኛል ማለት ነው?» አለ ተቆጣጣሪው። «ይህ አይሆንም። በግንብ ይደፈንና ፎቶውን ይላኩልኝ። ሌላው ሁሉ ደህና ነው፤ እሱን እንዳየሁ ቁጥሩን እሰጥዎታለሁ።»

«ዛሬውኑ ይደፈናል» አለች።

«እኔስ በየት ልግባ?» አለ ባልየው።

«አንተ ምን ልታደርግ ትገባለህ?»

ተቆጣጣሪው ሳቁን በሳል ሸፈነና ተሰናበተ።

ማርማላታው ተሞልቶ፣ ተከድኖ፣ ጓዳ ከገባ በኋላ ባልየው በሳሎኑ በኩል ሆኖ ሲሚንቶ አቦካ። መሪ ይዞ የኖረ እጅ ብሎኬት መደርደርም አያቅተውም፤ ግንቡ ቀጥ ብሎ ወጣ። የአንድ ብሎኬት ቦታ ሲቀር በክፍተቱ በኩል እጁን ሰደደ።

«እስቲ ሳይዘጋ አንዴ አቅምሺኝ።»

«እጅህን ታጥበሃል?»

ጣቶቹን አየ። እስከ አንጓው ሲሚንቶ ናቸው። እያጉረመረመ ሊታጠብ ሄደ።

እሷ የመጨረሻዋን ብሎኬት በራሷ በኩል ገጠመች፣ ዙሪያዋን መረገች፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላ ፎቶውን አነሳችና ላከች። ከግንቡ ማዶ ባልየው፣ «ታጠብኩ፣ አንቺ ሴትዮ» ሲል ተሰማ።