መብራቱ ያየው እግር

«ሌዘሩን ግን ደገሙለት?» አለ ሙንተሲር፣ ሻንጣው ገና ከደጅ ሳይነሳ።

የአባቱ መቃብር አፈር ገና አልደረቀም። ከጅዳ የደረሰው ቀብሩ ካለፈ በኋላ ነው። ቤቱም ድንኳኑም በለቀስተኛ ሞልቷል። እናቱ ዋሲላ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች። አጠገቧ የተቀመጠችው ጎረቤቷ ሀፊዛ፣ እያለቀሰችም ወሬ አያመልጣትምና፣ ጆሮዋን አቀናች።

የዋሲላ ባል ዑበይዱላህ ሐይቅ ላይ አሣ አጥማጅ ነበር። ስኳሩ እግሩን ሲያቆስለው አዲስ አበባ ድረስ ይዛው ሄደች። ዶክተሯ ቀይ መብራት እግሩ ላይ አብርታ ኮምፒውተሩን አሳየቻት።

«ይሄ ሌዘር ነው እናቴ። ሥጋው ውስጥ ደም መዝለቁን ይለካል እንጂ አያድንም። ከቁርጭምጭሚቱ በታች ደም የለም። አሁን ከቆረጥን ጉልበቱ ይተርፋል።»

በዚያ ቤት ግን ትልቅ ነገር የበኩር ልጅ ሳይጠየቅ አይወሰንም። ባሏም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ደወለችለት።

«ሌዘር እያለ ምን መቁረጥ አመጣው?» አለ ሙንተሲር። «እዚህ የሰው ዓይን የሚድነው በሌዘር ነው። ይደጋግሙለት!»

«ይለካል እንጂ አያድንም ነው የምትለው፣ ልጄ።»

«እማ፣ አንቺ አልገባሽም።»

የዑበይዱላህ ፊት በራ። «ልጄ አገር ያየ ነው» አለና ተነሱ፣ ወደ ቤት ተመለሱ። የእግሩ ጥቁረት ጉልበቱን አልፎ ሲወጣ፣ ዑበይዱላህ ሚኒባስ ላይ ሊጫን የሚችል ሰው አልነበረም። ያ መብራት ዳግም አላየውም።

«እማ?» አለ ሙንተሲር፣ አሁንም ሻንጣው አጠገብ እንደቆመ።

ሀፊዛ አፏን ልትከፍት ስትል ዋሲላ ጭኗን ጫን አደረገቻት። እውነቱን ብትነግረው ባሏ አይነሳላት፤ ልጇ ግን ቆሞ ይሞትባታል።

«ደገሙለት» አለች።

«አልሐምዱሊላህ። የምንችለውን አድርገናላ!» ይሄኔ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። እሷን እንባዋ እንኳ እምቢ አላት። ይሄን ነገር እስክትሞት ብቻዋን ትሸከመዋለች፤ አይቀልላትም፣ ታውቀዋለች።

አዛን ተሰማ። ሙንተሲር ሊሰግድ ሲወጣ ከለቀስተኛው ጫማ መሀል የራሱን አጣውና ያባቱን የላስቲክ ጫማ አጠለቀ። የግራው ያባቱን እግር እብጠት እንዲችል በምላጭ ተሰንጥቋል፤ እግሩ ላይ አልቆም አለው።

«ቆይ» አለች ዋሲላ። ከሻሿ ጫፍ ቀደደችና ጎንበስ ብላ፣ ለባሏ ታደርግ እንደነበረው፣ ጫማውን ከልጇ እግር ጋር አሰረችው፤ እንዳይጠብቅበት አንድ ጣቷን ከሥር አስገብታ።