ዘርፌን ጠይቁ

የዘርፌ ላፕቶፕ ኔትወርክ የሚጠፋው ሰው ሲመጣ ነው። ይህን ለራሷ እንኳ ጮክ ብላ መናገር ታፍር ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ሂሳብ ያስተማረች ሴት፣ ምክንያት የሌለው ነገር የለም ብላ ስንቱን ተማሪ ያስጨነቀች ሴት፣ ዕቃ እንግዳ ይፈራል ብትል ማን ይሰማታል?

ላፕቶፑ የባሏ የፍቅሬ ነበር። ማጠፊያው ላልቶ በፕላስተር ታስሯል፤ ማራገቢያው ሲነሳ የሩቅ ወፍጮ ይመስላል፤ ከቁልፎቹ አንዷ፣ «የ» የምትጻፍባት፣ ክዳኗ ወልቆ ከሥር ያለችው ጎማ ብቻ ቀርታለች። ፍቅሬ ቀያሽ መሐንዲስ ስለነበር በየበረሃው ይዞት ዞሯል፤ አቧራውም አብሮት ወደ ቤት ገብቷል። እሱ ከሞተ ወዲህ የምትጽፍበት እሷ ናት።

አሁን ደግሞ ጊዜ አልነበራትም። የሙት ዓመቱ ቀን ደርሷል፤ የሕይወት ታሪኩን የያዘች ትንሽ መጽሔት ልታሳትም አስባ ማተሚያ ቤቱን ቀጥራለች። የሥራ ባልደረቦቹና የሩቅ ዘመዶቹ ፎቶግራፍ በቴሌግራም ይልካሉ፤ ፎቶው ግማሹ ከመጣ በኋላ መስመሩ ድርግም ይላል።

በሂሳብ አስተማሪ ደንብ ጀመረች፤ የማይሆነውን እያስወገዱ መሄድ። ዋይፋይ የሚሰጠውን ሳጥን ከቡፌው ላይ አንስታ መደርደሪያው ጫፍ ሰቀለችው። ጠፋ። አጥፍታ አበራችው። መጣ፤ እንደገና ጠፋ። ላፕቶፑ ላይ ሲጠፋ የእጅ ስልኳ ላይ አለመጥፋቱን አየች። እንግዲያው ጥፋቱ የመስመሩ አይደለም፤ የላፕቶፑ ነው። በነጠላዋ ጠቅልላ አቅፋው ከራስ መኮንን ድልድይ በላይ ካለው ቤቷ ዳገቱን ወጣች፤ ግማሹ የፈረሰውን፣ ግማሹ አዲስ ንጣፍ የለበሰውን ፒያሳ አቋርጣ ቸርችል ጎዳና አናት ላይ ካለው የኢዩኤል ጥገና ቤት ገባች።

«ማዘር፣ ይሄ እኮ ጡረታ መውጣት ነበረበት» አለ ኢዩኤል፣ ላፕቶፑን እንደ በሽተኛ አገላብጦ።

«እኔም ወጥቻለሁ። እሠራለሁ ግን።»

ሳቀና ተቀበላት። በማግስቱ ስትመለስ ግን ራሱን ያክክ ነበር። «ቀኑን ሙሉ እንደ ፈረስ ሲጋልብ ነው የዋለው። አንዴም አልጠፋ። እርስዎ ጋ መቼ መቼ ነው የሚጠፋው?»

ዘርፌ ጥቂት አመነታች። «ብዙ ጊዜ… ሰው ሲመጣ ነው።»

«ሰው ሲመጣ? ይሉኝታ ይዞት ነዋ! የፒያሳ ልጅ ነው፣ እንግዳ ፊት አይሠራም!»

አልሳቀችም። ኢዩኤልም ቀልዱን ዋጥ አደረገ። «ካልሆነ ፎርማት ላድርግልዎት። ጠራርጎ ነው የሚያወጣው፤ እንደ አዲስ ይሆናል።»

«አይሆንም» አለችና ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበችው። የፍቅሬ ስልክ እሱ የሞተ ዕለት ሆስፒታል ጠፍቷል፤ ድምፁም ፎቶውም አብሮት ሄዷል። የቀራት ይኸው ነው። ይህን ግን ለኢዩኤል አልነገረችውም።

«እሺ፣ እንዲያ ከሆነ አንድ ነገር ያድርጉ። ሲጠፋ ተናደው አይዝጉት። እዚህ ጥግ ላይ ያለችውን ምልክት ይጫኑና የትኛው ላይ እንደተያያዘ ስሙን ያንብቡ። አሮጌ ዕቃ እንደ አሮጌ ሰው ነው፣ ድሮ የሚያውቀውን ስም በቅርብ ካገኘ የያዘውን ጥሎ ይሄዳል።»

የሚቀጥለው ቀን እሑድ ነበር። ዘርፌ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ነጠላዋን ሳታወልቅ ላፕቶፑን ከፈተች። ደህና ይሠራል። ከአርባ ምንጭ የተላኩ ሁለት ፎቶዎች ሙሉ ለሙሉ ገቡ። ፍቅሬ ባለ ሦስት እግር መለኪያውን ተደግፎ ፀሐይ እያሳሳቀው ቆሟል። አንዱን መርጣ በሕይወት ታሪኩ መጀመሪያ ላይ አስገባችውና ጽሑፉን ከላይ ጀምራ አነበበች።

ሁለተኛው መስመር ላይ ዓይኗ ቆመ። «እናታቸው በሕፃንነታቸው ስላረፉ በአክስታቸው በወይዘሮ የሺዓለም እጅ አደጉ» ይላል። እትዬ የሺዓለም ደብረ ብርሃን ነው የሚኖሩት፤ ከፍቅሬ በቀር ልጅም ዘመድም የላቸውም። ቀብሩ ላይ አልመጡም። ሣልስቱ ላይ አልመጡም። አርባው ላይም ሰማንያው ላይም በር በሩን ስታይ አልመጡም፤ ሰው እንኳ አልላኩም። ያን ጊዜ የእድሩ ሰዎች «ደብረ ብርሃን ሰው ይላካል፣ እንደ ወጉ ይረዳሉ፣ አንቺ አታስቢ» ብለዋት ነበርና አላሰበችም። በኋላ ግን ከሐዘኑ ሥር ሌላ ነገር በቀለ። ያሳደጉትን ልጅ ለመቅበር ያልተነሱ እግሮች፣ አለች በልቧ፣ ከእንግዲህ ወዲህ ወደ ቤቴ ቢመጡስ ምን ይፈይዳል? መስመሩን ደምስሳ «በደብረ ብርሃን አደጉ» ብቻ ብላ ተወችው።

በሩ ተንኳኳ።

ጋሽ መርሻ ናቸው። የእድሩ ዳኛ፣ የፍቅሬ የዘመናት ወዳጅ፤ ፍቅሬ ከተቀበረ ጀምሮ ሳይጠይቋት የዋሉበት ቀን በጣት የሚቆጠር ነው። ቆባቸውን አውልቀው፣ ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ያ ሳጥንሽ ተበጀ?»

«እርስዎ እስኪመጡ ደህና ነበር።»

«እግርህ ከባድ ነው በይኛ! አይ ዕድሜ፤ ድሮ በእግሬ ሴት ታመልጠኝ ነበር፣ አሁን ደግሞ ኔትወርክ።»

ዘርፌ ፈገግ አለች። እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አሽከረከሩ። «ለሙት ዓመቱ… ለደብረ ብርሃን ነግረሻል እንዴ?»

«አልነገርሁም። አልነግርምም።»

«አሮጊት ናቸው እኮ ዘርፍዬ። አትጨክኚ።»

«እኔ ነኝ የጨከንሁት? ለሠርግ ይጠራል ጋሽ መርሻ፤ ለለቅሶ ይደረሳል። ከጽሑፉም ስማቸውን አውጥቼዋለሁ።»

«አወጣሽው?» የሽማግሌው ፊት ዓመድ መሰለ።

ዘርፌ ወደ ላፕቶፑ ዞረች። ሦስተኛው ፎቶ ግንባሩ ድረስ መጥቶ ቆሟል። ጠፍቷል። የኢዩኤል ምክር ትዝ አላትና ሳትዘጋው ጥጉ ላይ ያለችውን ምልክት ተጫነች። የአካባቢው ኔትወርኮች ስም ተደረደረ። ከሁሉም በላይ ያለው እንዲህ ይላል፦

ዘርፌን ጠይቁ። ተገናኝቷል፤ ኢንተርኔት የለም።

አንድ ጊዜ አነበበችው። መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችና እንደገና አነበበችው።

ስሙን ያወጣው ፍቅሬ ነበር። ከታች ካለው ካፌ ሲቀመጥ ወዳጆቹ ሁሉ ከእሱ ስልክ ኢንተርኔት ይቅዱ ነበር፤ የይለፍ ቃሉን ያወጣችው ደግሞ እሷ ስለሆነች ቁጥሩ ለእሱ አይያዝለትም። በየቀኑ «ፍቅሬ፣ ቁልፉን» ሲሉት ሰልችቶት አንድ ቀን የስልኩን ኔትወርክ «ዘርፌን ጠይቁ» ብሎ ሰየመው፤ ከዚያ ወዲያ ዘግቶት አያውቅም። ካፌው በሳቅ ፈረሰ። እሷ ተቆጥታ ነበር፤ ለሁለት ቀን ያህል።

ያ ስልክ ጠፍቷል። ያ ስም ከዚያ ስልክ ሌላ ከየትም አይመጣም።

መጀመሪያ የመጣባት ሐሳብ ለማንም የሚነገር አይደለም። በሩን አየች። ቀጥሎ ግን አስተማሪዋ ተነሳች። የስልክ ኔትወርክ ሩቅ አይሄድም። ከሁለት ክፍል አያልፍም። ላፕቶፑን አቅፋ ብድግ አለችና ወደ ጓዳ ገባች። የምልክቷ ጭረቶች አነሱ። ወደ ሰገነቱ ወጣች፤ በጣም አነሱ። ወደ ሳሎኑ ተመለሰች፤ ጨመሩ። ወደ መስኮቱ ተጠጋች፤ ሞሉ።

ከመስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ጋሽ መርሻ ተቀምጠዋል። እሳቸው የሚይዙት ባለ ቁልፍ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ጋሽ መርሻ» አለች። «ካፖርትዎ ውስጥ ምን አለ?»

«ምን ይኖራል…»

ካፖርቱ ጮኸ። ከውስጥ ኪሳቸው የፍቅሬ ስልክ መጥሪያ፣ ያ እሷ «የአይስክሬም ሻጭ» እያለች የምትስቅበት ዜማ፣ ጥርት ብሎ ወጣ።

ዘርፌ ላፕቶፑን አልጣለችውም። እንዴት እንዳልጣለችው ግን አታውቅም። ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችውና እጇን ዘረጋች። ሽማግሌው ስልኩን አወጡ እንጂ አልሰጧትም፤ በሁለት እጃቸው ይዘው እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ አስጠጉት።

«ሆስፒታል ነው የተቀበልሁት። ያልሰማ ሰው በደወለ ቁጥር መርዶ ነጋሪ አንቺ እንዳትሆኚ ብለን ነው፤ እስከ አርባው ድረስ። ለሁሉም ነግሬያለሁ። ለሁሉም። እትዬ የሺዓለም ግን…» ስልኩ መጮኹን አላቆመም። «ሣልስቱ ዕለት ደወሉ። ለእሳቸው ሰው ሊላክ ነበረ። ከልብ ሕመም ገና መነሳታቸው ነበር። ‹ፍቅሬ?› አሉኝ። ‹አቤት› አልሁ። አንዲት ቃል ናት። በማግስቱ ሰው ልልክ… በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ደወሉ።»

«እርስዎ» አለች ዘርፌ፣ «እንደ ፍቅሬ ሆነው ያነጋግሯቸዋል?»

«በየእሑዱ።»

«እትዬ የሺዓለም አልተረዱም?»

ጋሽ መርሻ ራሳቸውን ነቀነቁ። የመንደሩን መርዶ ሁሉ የተናገረ አፍ አንዲት ቃል ማውጣት አቃተው። ዘርፌ ወንበሩን ይዛ ቆመች። ዓመት ሙሉ ያቄመችባቸው ሴት ልጃቸው መሞቱን አያውቁም። ልትጮህባቸው ፈለገች። ጩኸቱን የት እንዳስቀመጠችው ግን አላገኘችውም፤ ስልኩን ከእጃቸው ወስዳ አነሳችው።

«ሃሎ፣ ፍቅሬ?» አለ የአሮጊት ድምፅ።

«እትዬ፣ ዘርፌ ነኝ።»

ከወዲያ ጫፍ ዶሮ ሲጮህ ተሰማ።

«ዘርፌ» አሉ እትዬ የሺዓለም። «ደህና ነሽ ልጄ?»

«ደህና ነኝ። ፍቅሬ…» መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ለብቻዋ ለተቀመጠች አሮጊት ደግሞ ጨርሶ አይነገርም። «ፍቅሬ ወጣ ብሏል እትዬ።» ከራሷ አፍ የወጣውን ሰምታ ደነገጠች። አንዲት ቃል ናት።

«እሱን አልጠየቅሁሽም» አሉ እትዬ የሺዓለም በቀስታ። «ያ በየሰንበቱ የሚያነጋግረኝ ደግ ሰውዬ አጠገብሽ አለ ወይ?»

ዘርፌ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«አሉ» አለች።

«አትቆጪው። በጄ ያሳደግሁትን ልጅ ድምፅ እስታለሁ እንዴ? የመጀመሪያው ዕለት ነው ያወቅሁት። ልጠይቀው ብዬ ፈራሁ። እሱ ሲዋሸኝ፣ እኔ ስዋሸው፣ ልጄ አንድ አንድ ሰንበት እየጨመረ ኖረልኝ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አንቺ ግን ሳትደውዪ ስትቀሪ፣ ምነው ዘርፌ ጨከነችብኝ እል ነበር።»

«እኔም…» አለች ዘርፌ። የቀረውን አልጨረሰችውም።

«እኔን አሁን በስልክ አትንገሪኝ። ሳታረዱኝ ጥቁር ልልበስ? ጎረቤቱን ምን ብዬ ድንኳን ጣሉልኝ ልበል? እንደ ወጉ ሰው ይዘሽ ነይና አርጂኝ። ያን ጊዜ እጮኻለሁ።»

«እንመጣለን እትዬ።»

«ጎህ ሲቀድ በሩን እከፍታለሁ» አሉና ዘጉት።

ጋሽ መርሻ ቆባቸውን በሁለት እጃቸው ጨምቀው ዓይን ዓይኗን ያያሉ። «ምን አሉሽ?»

ዘርፌ ስልኩን ከላፕቶፑ አጠገብ አስቀመጠችው። «ነገ ሳይነጋ ደብረ ብርሃን እንሄዳለን። ከእድሩ ሁለት ሦስት ሰው ይንገሩ። ጋቢዎን አይርሱ፤ ብርድ ነው።»

«ታዲያ እኔ ምን ፊት አለኝ? ምን ብዬ ነው ከፊታቸው የምቆመው?»

«አይፍሩ። ምንም እንዳልሰሙ ሆነው ይቀበሉናል።»

ሽማግሌው ነገሩ እስኪገባቸው ጥቂት ቆዩ። ሲገባቸው «ኧረ!» ብለው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዘርፌ፣ እንዳየቻቸው እንዳያውቁ፣ ወደ ላፕቶፑ ዞረች። አሁንም ከፍቅሬ ስልክ ጋር ተያይዟል፤ ኢንተርኔትም የለም። ሦስተኛው ፎቶ ግማሽ እንደሆነ ቆሟል። አላላቀቀችውም። ለመጻፍ መስመር አያስፈልግም። የደመሰሰችውን ፈልጋ፣ ክዳን የሌላትን ቁልፍ በጣቷ ጠበቅ አድርጋ ተጭና፣ የአክስቱን ስም ወደ ቦታው መለሰችው።