የገላው ዲቴክተር

ኪዳን በወጣትነቱ አሥራ አንድ ዓመት የአየር ኃይል ራዳር ቴክኒሺያን ነበር። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባ ወዲህ የሚጠግነው የሆስፒታል ማሽን ቢሆንም፣ ራዳር የሚለው ቃል በተነሳ ቁጥር ዘመድ አዝማዱ የሚደውለው ለእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ጸደይ የደወለው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ገላው ነበር። ገላው ኤርፖርት ሊሞ ይነዳል። በፍጥነት እየተያዘ መንጃ ፈቃዱ ላይ ነጥብ ተጠራቅሞበታል፤ ጥቂት ከተጨመረበት ይታገዳል።

«ጋሼ፣ ራዳር ዲቴክተር ልገዛ ነው። የትኛው ይሻለኛል?»

«ቀስ ብሎ መንዳት ይሻልሃል።»

«እሱን ተወውና ዕቃውን ንገረኝ።»

ቅዳሜ ሎረል ወደሚገኝ የመኪና ዕቃ ሱቅ አብረው ሄዱ። ኪዳን መደርደሪያው ፊት ቆሞ፣ ድሮ አየር ኃይል ውስጥ ጀማሪዎችን ያስተምር እንደነበረው፣ ከሥሩ ጀመረ። «የፖሊሱ መሣሪያ ሞገድ ይልካል። ሞገዱ መኪናህ ላይ ነጥሮ ሲመለስ ድግግሞሹ ትንሽ ተለውጧል፤ ከዚያ ለውጥ ፍጥነትህን ያሰላል። ይሄ ዕቃ ደግሞ ሬዲዮ ነው፤ ያንን ሞገድ ከሩቅ ይሰማል፣ ሌላ ምንም አያደርግም። ፖሊሱ ከፊትህ ያሉትን እየለካ ከሆነ ቀድሞ ይነግርሃል። አጥፍቶ ጠብቆ አንተ ላይ ብቻ ካበራው ግን፣ ሲጮኽልህ ተለክተህ አልቀሃል። ሌዘር ከሆነማ የባሰ ነው፤ ጨረሩ ቀጭን ስለሆነ የሚሰማህ መኪናህን ሲመታ ነው።»

«እሺ፣ የትኛውን ልውሰድ?»

«ኬ-ኤ የሚባለውን የሞገድ ዓይነት ከሩቅ የሚይዘውን። ፖሊሶቹ አሁን በብዛት እሱን ነው የሚጠቀሙት። የሱቅ አውቶማቲክ በርም የራሱ ሞገድ አለው፤ ጥሩው ዕቃ ያንን ለይቶ ዝም ይላል። ጎበዝ ዲቴክተር የሚታወቀው በዝምታው ነው።»

ገላው ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠና ሰማያዊና ቀይ መብራት ያለውን፣ ከሁሉም ርካሹን አነሳ። «ይሄ ድምፁ ይሰማል» አለ።

ኪዳን ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። «ቢያንስ ቨርጂኒያ ክልክል መሆኑን እወቅ። ዕቃው ሲሰማ ራሱም በቀስታ ሞገድ ያፈስሳል። የዚያ ፖሊሶች ያንን የሚያዳምጥ መሣሪያ አላቸው።»

«ወደ ቨርጂኒያ የሚያሻግረው ድልድይ ጋ ስደርስ አጠፋዋለሁ።»

በማግስቱ ሁለቱም ለሽምግልና ተልከዋል። የአስፐን ሂሉ ወዳጃቸው የገብረየስ ልጅ ዓብዩ ሃኒ የምትባል ልጅ ሊያገባ ነው፤ አባቷ አቶ ልዑልሰገድ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ይኖራሉ። ሦስተኛው ሽማግሌ እዚያው ነዋሪ ስለሆኑ ስምንት ሰዓት በር ላይ እንገናኝ ተባብለዋል። ኪዳን ሱፍ ለብሶ፣ ነጠላ ደርቦ የገላው መኪና ውስጥ ገባ።

ዕቃው መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ነበር። ፋርማሲ በር ላይ ጮኸ። ግሮሰሪ ፊት ጮኸ። ቤልትዌይ በሚባለው ቀለበት መንገድ ላይ ምንም በሌለበት ጮኸ፤ በጮኸ ቁጥር ገላው ፍሬን ይረግጣል፣ ኪዳን ወደ ፊት ይወረወራል።

«አጥፋው!»

«ጋሼ፣ እየሠራ ነው እኮ።»

ድልድዩን ተሻግረው ቨርጂኒያ ገቡ። ኪዳን ሁለት ጊዜ አስታወሰው፤ ገላው ሁለት ጊዜ «እሺ» አለ፤ እጁ ግን ከመሪው አልተነቃነቀም። አንድ ማይል ሳይሄዱ የፖሊስ መብራት ከኋላቸው በራ። ገላው መኪናውን ዳር እያስያዘ ዕቃውን ነቅሎ የኪዳን ጭን ላይ፣ ነጠላው ሥር ወሸቀው። ሽቦውን መንቀል ግን ረስቷል።

ፖሊሱ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ነጠላው ጮኸ።

«ጌታዬ፣ ጭንዎ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ኪዳን ገላውን አየው። ፊቱ አመድ መስሏል። ሁለት ልጆች አሉት፤ ከመንዳት ሌላ ሥራ አያውቅም። ኪዳን ተናደደበት፣ አዘነለትም፤ ሳያስበው «የኔ ነው» የሚል ቃል ከአፉ ወጣ።

ፖሊሱ ትከሻውን ሰበቀ። «የማንም ይሁን፣ የሚከሰሰው ሹፌሩ ነው።» ቅጣቱን ለገላው ጻፈለት። ገላው እየተንተባተበ ስለ ነጥብ ሲጠይቀው «ለዚህ ነጥብ የለውም» አለና ሄደ።

ስለዚህ ኪዳን በስድሳ ሦስት ዓመቱ፣ ነጠላ ለብሶ፣ ለሽምግልና እየሄደ፣ ማንንም ላልጠቀመ ነገር ዋሸ። መንገዳቸውን ቀጠሉ። ገላው «አይዞህ ጋሼ፣ ትራፊክ ያዘን እንላለን» ሲለው ጥርሱን ነከሰ።

ሦስተኛው ሽማግሌ በር ላይ ቆመው ደክመዋል። ኪዳንና ገላው ሃምሳ ደቂቃ ዘግይተዋል። ሳሎን ገብተው እንደ ወጉ ቆሙ፤ አቶ ልዑልሰገድም ሰዓታቸውን አይተው «ምነው፣ በደኅና ነው?» አሉ።

ገላው ኪዳንን በክርኑ ጎሰመው። ኪዳን ግን በዚያ ቀን ሁለተኛ ውሸት አልወጣው አለ። ዕቃውን፣ ጩኸቱን፣ ፖሊሱን፣ «የኔ ነው» ማለቱን ሳይቀር ተናገረ። «ልጅ ልንጠይቅ መጥተን ውሸት ይዘን አንግባ ብዬ ነው» አለ። ገላው መሬት መሬት አየ።

አቶ ልዑልሰገድ ወደ ኪዳን ዞሩ። «ዓብዩስ እንዲህ ነው የሚነዳው?»

«የለም። እሱ ረጋ ያለ ልጅ ነው።»

«እንግዲያው ተቀመጡ» አሉና በሁለት ሳምንት ተመልሰው እንዲመጡ ቀጠሯቸው። በቀጠሮው ኪዳን በራሱ መኪና ሄደ፤ ገላውን ከኋላ አስቀመጠው። እሺታውንም አገኙ።

ዓብዩና ሃኒ መስከረም ላይ ተጋቡ። በሠርጉ ማግስት የኪዳን ሚስት ህይወት ስልኩን ይዛ ወደ እሱ መጣች።

«ገላው ነው። ያንን ዕቃ ለሌላ ሹፌር ሸጦ ውዱን ገዛሁ ይላል። መመሪያው አልገባኝም፣ ጋሼ ያስረዳኝ እያለ ነው።»

ኪዳን «የለም በይው» አለ። ከዚያ ያን ውሸትም ጠላውና እጁን ዘርግቶ ስልኩን ተቀበላት።