ቀዳዳ ያጣ ቁልፍ

በሩ የቁልፍ ቀዳዳ እንደሌለው ያየችው የቴሌቪዥን ሰዎቹ መኪኖች መታጠፊያው ላይ ዞረው ከጠፉ በኋላ ነው። ቁልፏን ይዛ ቆማለች። ከፊቷ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ አንድ ወጥ መስታወት ተገትሯል። በግራ ፈለገች፣ በቀኝ ፈለገች፣ ጎንበስ ብላ ከሥር አየች። ያገኘችው በቀረበች ቁጥር ወደ ጎን የሚሸሽ የራሷን ፊት ብቻ ነው። ፈርማለች፣ አልቅሳለች፣ አመስግናለች፣ እጇን አውለብልባ ሸኝታለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ሰፈሩ «እንዳይሆን» እያለ ይጠራታል። ልጇ ከቤት ስትወጣ «መኪና እንዳይሆን»፣ ሰማዩ ሲጠቁር «ጎርፍ እንዳይሆን»፣ ስልክ ሲጮህ «ክፉ ወሬ እንዳይሆን» ስለምትል ነው። ከምትፈራው አብዛኛው ሳይሆን ቀርቷል። ባሏ ግን ሞቶባታል፤ ሲሞትም አባቱን ለእሷ ትቶላት ነው የሄደው።

አባባ ዕድሜ ልካቸውን ፖስተኛ ነበሩ። ማስታወስ ከከዳቸው ወዲህ ጡረታ መውጣታቸውንም ረስተውታል። አመሻሽ ላይ ያገኙትን ወረቀት ሁሉ በብብታቸው ሸጉጠው «የቀረ ደብዳቤ አለ» ይሉና ይወጣሉ። ሁለት ጊዜ ጠፍተው ተገኝተዋል። ሦስተኛውን እሷ ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር ታየዋለች፤ ዋናው መንገድ፣ የከባድ መኪና መብራት፣ አስፋልት ላይ የቀረ አንድ ጫማ።

ልጇ የችግረኞችን ቤት ለሚያድሰው የቴሌቪዥን ዝግጅት የጻፈችውም ይህንኑ ነበር። የብረት በራችን ደህና ነው፤ ግድግዳው ግን ስለሚፈረፈር መቃኑን አይዝ አለ፤ አያቴ ሲገፉት ይለቅና ይወጣሉ፤ ጣሪያውም ያፈሳል፤ እባካችሁ። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይበልጥም። በር ለምነው ቤተ መንግሥት ተላከላቸው።

ሰባት ቀን ሆቴል አስቀመጧቸው። ሥራውን ማየት ክልክል ነው፤ ሰው ካየ አይደነቅም፣ ካልተደነቀ ደግሞ ምን ይቀረጻል? በስምንተኛው ቀን ዓይኗን በጨርቅ ሸፍነው አመጧት። ሳሎኑ መካከል ውሃ የሚተፋ የድንጋይ ዓሣ ቆሟል፤ ቧንቧው በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ውሃ ለሚያይ ቤት። ከጣሪያው እንደ ወይን ዘለላ የተንዠረገገ መብራት ወርዷል። የልጅቷ አልጋ የጀልባ ቅርጽ አለው። ሦስት ሰው ለሚኖርበት ቤት እንደ ሲኒማ ቤት የተደረደሩ አሥራ ሁለት ወንበሮች ገብተዋል፤ ማን መጥቶ እንደሚቀመጥባቸው የጠየቀ የለም።

«እስኪ እንደገና ይግቡ እናቴ» አላት አቅራቢው። «እንባው ትንሽ ዘገየ።»

በሦስተኛው መግቢያዋ አለቀሰች። የልብስ ስፌት መኪናዋን አይታ ነው። የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም የምትሰፋበት፣ እንጀራዋ የሆነው መኪና ቺንጋው ወጥቶ፣ ወርቅማ ቀለም ተቀብቶ፣ እጇ የማይደርስበት መደርደሪያ ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ መብራት አለው። አቅራቢውም አብሯት አለቀሰ፤ እንባውን ሳይጠርግም ምሳ ደርሶ እንደሆነ ጠየቀ። እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ።

በሩ በዚያ ሁሉ ግርግር ክፍት ስለነበር ማን ልብ ይበለው። አሁን ገባት፤ ሰው ሲቀርበው ራሱ ይከፈታል፣ ሰው ሲርቀው ራሱ ይዘጋል። ቁልፍ የሚባል ነገር አያውቅም።

የመጀመሪያው ቀን ምሽት አባባ የዝግጅቱን ማስታወቂያ ወረቀቶች በብብታቸው ይዘው ተነሡ። መስታወቱ ገና ከሩቅ ሲያያቸው ሽው ብሎ ተከፈተ። ዕድሜ ልካቸውን ውሻ የተለቀቀባቸው ፖስተኛ እንዲህ ያለ አክብሮት አይተው አያውቁም።

«ያክብርልኝ» ብለው ለበሩ አጎነበሱለትና ወጡ። ደረጃው ላይ ደርሳ እጃቸውን ያዘቻቸው።

በማግስቱ የዝግጅቱ ቢሮ ደወለች። ድምፀ ለስላሳ ልጅ አነሳች።

«እናቴ፣ በሩ እኮ የዝግጅቱ መለያ ነው። ንድፍ አውጪያችን ቁልፍ መስታወቱን ያበላሸዋል ስላለ ነው የቀረው።»

«ሽማግሌ እየወጡብኝ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ታሪካችሁን አንብቤ አልቅሻለሁ።»

«ካነበብሽውማ መጀመሪያው መስመር ላይ በር ይላል።»

«እስከ ሠላሳኛው ቀን ምንም ነገር አይነካም፣ እናቴ። ተመልሰን ከእድሳቱ በኋላ እንዴት እንደምትኖሩ እንቀርጻለን። ከተነካ ስፖንሰሮቹ ዕቃቸውን ያነሳሉ። ፈርመውበታል።»

በዚያ ምሽት ከሲኒማው ወንበሮች አንዱን ጎትታ በሩ ሥር ተቀመጠች። በሩ አያትና ተከፈተላት። እሷ ካልተነሣች አይዘጋም፣ ከተነሣች ደግሞ ጠባቂ የለም። ሌባ እንዳይሆን፣ ውሻ እንዳይሆን ስትል ብርድ ሲመታት አደረች። ነጋ።

በሦስተኛው ቀን፣ ገና ከቀትር በኋላ፣ ወንበር ላይ ቆማ የስፌት መኪናዋን ከመደርደሪያው ለማውረድ ስትታገል ሽው የሚል ድምፅ ሰማች። ስትዞር አባባ የሉም። ወንበሩ ተገለበጠ፤ በባዶ እግሯ ወጣች። አንድ ጫማ፣ አንድ ጫማ እያለች እስከ መታጠፊያው ሮጠች።

የሰፈሩ ብረት በያጅ አባባን ክንዳቸውን ይዞ ሲመጣ አገኘችው።

«ፖስታ መጥቶልሻል» አለ፤ «ፈርመሽ ተቀበይ።» ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዋናው መንገድ መካከል ነው ያገኘኋቸው። አውቶቡስ አስቁመው ለሾፌሩ በመስኮት ወረቀት ሲሰጡ። ከኋላ የነበረው የጭነት መኪና ለጥቂት ነው ፍሬን የያዘው።»

መንገዱ ዳር ቁጭ አለች። አባባ ከላይ አዩዋት። «ምነው ልጄ፣ ደብዳቤ አልመጣልሽም?»

«መጥቶልኛል፣ አባባ።»

«አሁን ስሚኝ» አለ በያጁ። «አሮጌው በርሽ እኔ ጋ ነው። አፍራሾቹ ወርውረውት ሲሄዱ አነሣሁት። እንዲህ ያለ ላሜራ ዛሬ የት ይገኛል?»

«ጋሼ፣ ሠላሳ ቀን ሳይሞላ እንዳይነካ ተብሏል።»

«እሳቸውንስ መኪናው ሠላሳ ቀን ይጠብቃቸዋል?»

ቁልፉ አሁንም አንገቷ ላይ ነበር። በክር አንጠልጥላው ሰባቱን ቀን ሆቴል ተኝታበታለች። ያወጣችው ያኔ አንድ ጊዜ፣ የሌለ ቀዳዳ ስትፈልግበት ብቻ ነው።

«አምጣው» አለችው።

ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በያጁ ከመስታወቱ ውጭ ግድግዳውን እየበሳ ነበር። የዛገው በር ደረጃው ላይ ተጋድሟል።

«እማዬ፣ ምን እያረጋችሁ ነው? የክፍሌ ልጆች በሙሉ በቴሌቪዥን ሊያዩን ነው እኮ።»

«ይዩና።»

«ዕቃውን ሁሉ ይወስዱታል።»

«ይውሰዱት። ከዓሣው ይጀምሩ።»

«አልጋዬንም?»

እናትየው ፊቷን አየቻት። «በጀልባ ተኝተሽ የት ልትደርሺ ነው? አያትሽ ዛሬ መኪና ሥር ሊገቡ ነበር።»

ልጅቷ የደብተር ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች። «እኔ እኮ በር ብቻ ነው ያልኳቸው» አለች በመጨረሻ። «ሦስት ጊዜ ነው በር ብዬ የጻፍኩት።»

«አውቃለሁ። የጻፍሽው አንቺ ነሽ፣ ያላነበቡት እነሱ ናቸው። ነይ፣ ያዢለት።»

በያጁ ብሎኑን አጠበቀና በመዳፉ ግድግዳውን መታው። «ሐቁን እንናገር ካልን አንድ ደግ ነገር ሠርተዋል። ግድግዳው አሁን መቃን ይይዛል።»

«ለዚያ ነበር እኮ የለመንናቸው» አለች እንዳይሆን። «ዓሣው ምርቃት መሆኑ ነው።»

የመስታወቱ ስፋት ለሁለት በር የሚበቃ ስለነበር የተረፈውን ክፍት በያጁ በቆርቆሮ ሞላው። ሲጨርስ የቤቱ ፊት ሐር ለብሶ በማዳበሪያ ከረጢት የተጣፈ ሰው መሰለ። እንዳይሆን ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ አየችው፤ ከገቡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቷን ቤቷ አለችው። ከዚያ ደግሞ ሌላው መጣባት። እሳት ቢነሣስ? የቁልፉን ክር ጎተት አድርጋ ጥንካሬውን አየች። ከአንገቴ አይወርድም አለች። እንደዚያም ሆኖ አላመነችውም።

ስልኳ ጮኸ። አቅራቢው ራሱ ነው፤ አላፊ አግዳሚ በሩን ፎቶ አንስቶ ልኮለት ይሆናል።

«እናቴ፣ ይህ ነገር የቤቱን መልክ ያጠፋዋል። በዚህ ሁኔታ መቅረጽ አንችልም።»

«ከውስጥ ቅረጹት፣ ጌታው።»

«ዕቃዎቹም እንደሚነሡ ያውቃሉ?»

«ስትመጡ አንኳኩ» አለችና ዘጋችው።

በያጁ መሣሪያውን ሰብስቦ ሄደ። ልጅቷ የስፌት መኪናውን አወረደች፤ ከወርቁ ሥር ቺንጋው የሚሄድበትን ጎድጓዳ በምስማር መፋቅ ያዘች። ውጭው ደነገዘ።

አባባ ወረቀታቸውን በብብታቸው ይዘው ተነሡ። እናትና ልጅ ሥራቸውን ትተው ተመለከቷቸው። መስታወቱ እንደ ልማዱ ሽው ብሎ ተከፈተላቸው። አባባ ሁለት እርምጃ ሄዱና ብረቱ ፊት ቆሙ። መዳፋቸውን ዘርግተው ዳሰሱት። በጣታቸው ሦስት ጊዜ አንኳኩ። እንደ ጥንቱ፣ እንደ ሥራቸው ወግ፣ አሥር እስኪቆጠር ጠበቁ። ከዚያ ከኪሳቸው እርሳስ አወጡ፣ ወረቀቱ ጥግ ላይ «ዝግ ነው» ብለው ጻፉ፣ መልሰው በብብታቸው ሸጎጡት።

«ሰው የለም» አሉ ዞረው። «ነገ እመለሳለሁ። በተዘጋ ቤት ደጅ ደብዳቤ አይጣልም።»

«እሺ አባባ፣ ነገ።»

ወደ አልጋቸው ሄዱ። እንዳይሆን ተነሥታ ክሩን ከአንገቷ አወጣችና ቁልፉን ቀዳዳው ውስጥ ከተተችው። አንድ ጊዜ አዞረችው። እንዳይሆን ብላ ገፋ አድርጋ አየችው። ደገመችና ሁለተኛውን ዙር ቆለፈችው።