በጋሽ ቱምቢ ቦርሳ ውስጥ

ዋርሳዋ፣ የባሏ ወንድም፣ ጉዱን የነገራት ጠዋት፣ አብረው የሚሠሩበትን የልብስ ማጠቢያ ቤት በር ሲከፍቱ ነው።

«የደንበኛውን የሐር ኮት ጋሽ ቱምቢ ቦርሳ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ከሰዓት እትዬ ሱቃቸውን ሊያዩ ሲመጡ ኮት ጠፋ እላለሁ፤ አንቺ ‹ሲከተው አየሁ› ትያለሽ። አለቀ።»

«ሰውዬው ምን አደረገህ?»

«ምንም። እሱ ካልተነሳ እኔ መቼ ነው አለቃ የምሆነው? ወንድሜን የምትወጂው ከሆነ እንዳታሳፍሪኝ።»

ለአለቃቸው «ቱምቢ» የሚለውን ስም ያወጡለት ሠራተኞቹ ናቸው፤ የግድግዳ ቀጥታ እንደሚለካበት የግንበኛ ቱምቢ ወደ ማንም አያዘነብልማ። ነፍሰ ጡር ሳለች ከእንፋሎቱ አርቆ ቁልፍ መትከል ላይ ያስቀመጣት እሱ ነበር።

ካውያው እጇ ላይ ከበዳት። የአንዱን ሸሚዝ ኮሌታ አሳረረች።

«ምነው ልጄ፣ አሞሻል እንዴ?» አላት ጋሽ ቱምቢ።

«ኧረ ደህና ነኝ፣ ጋሼ።» አባቷ በሕይወት ሳለ «በቅን ሰው ደጃፍ አታድቡ፤ እሱ ቢወድቅ የሚያነሳው አለው» ይል ነበር።

ጋሽ ቱምቢ አንሶላ ሊያሰጣ ሲወጣ ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሮጠች። ቦርሳውን ስትከፍት ኮቱ ከመነጽሩ ማኅደር ስር ተጠቅልሏል። መዝዛ ሳትጨርስ በሩ ተበረገደ። እትዬ ያለሰዓታቸው መጥተዋል፤ ዋርሳዋ ከጎናቸው፣ ጋሽ ቱምቢ ከኋላቸው።

«አንቺ ነሽ ለካ!» አሉ እትዬ።

ዋርሳዋን አየችው። አንድ ቃል ቢተነፍስ ትድን ነበር፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«እትዬ፣ ቦርሳው የእኔ ነው» አለ ጋሽ ቱምቢ። «ኮቱ እንዴት እንደገባበት አላውቅም። ይቺ ልጅ ግን አትሰርቅም። የሚጠየቅ ካለ እኔን ይጠይቁኝ።»

እንባዋ እየቀደማት ሁሉንም ዘረገፈችው።

«ውሸቷን ነው!» ጮኸ ዋርሳዋ።

እትዬ ዞር አሉ። «ታዲያ ኮት ጠፋ ብለህ ስታበቃ፣ ሌላ ቦታ ሳትፈልግ እየመራህ እዚህ ያመጣኸኝ ምን አውቀህ ነው?»

ዋርሳዋ ያን ቀን ከሥራ ተባሮ፣ ጃኬቱን አንጠልጥሎ ወጣ።

ቤት ስትደርስ ወሬው ቀድሟታል። «ወንድሜን አስባረርሽው» አለ ባሏ።

«ራሱን ነው ያስባረረው። እኔ ሌባ ስባል ቆሞ ዝም አለኝ እኮ።»

ባሏ ፊቱን አዞረ። ጠዋት ግን ልትወጣ ስትል «ቆይ፣ ልሸኝሽ» አላት። መንገዱን ሙሉ ምን ሊል ይሆን እያለች ሄደች። ማጠቢያ ቤቱ ሲደርሱ ጋሽ ቱምቢ መስኮት ይከፍታል። ባሏ ራቅ ብሎ ቆመ፤ ሄድ መጣ አለ። በመጨረሻ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» አለው።