ከመቀሌ ኮምቦልቻ፣ በአየር

«ሃምሳ ደቂቃ! ሃምሳ ደቂቃ መጠበቅ አቅቶት ነው አባቱን አፈር ያለበሰው!»

ከድጃ ይህን ስትል ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሆጤ ሰፈር ያለው ቤቷ በለቀስተኛ ሴቶች ሞልቷል። ልጇ በሺር በር በሩን ይላል እንጂ እሷ ካለችበት ክፍል ከቀብሩ ወዲህ አልገባም።

«እትዬ ከድጃ፣ ይተዉት። ጀናዛ ሳይቀበር አያድርም» አለቻት ጎረቤቷ ቡዜ።

«ማን ይደር አለ? ከሰዓት በኋላ እስካለው የአስር ሶላት ቆዩ ነው ያልኩት! በቀትር፣ በዙሁር ይዘውት ወጡ። የልጅ ልጁ መርየም መቀበሩን ሰምታ ዘገየች እንጂ የዚያኑ ለት ትደርስ ነበር። ዛሬ ስትመጣ ምን ልበላት? ደንግጣ ልቧ ቢቆምስ? ኮምቦልቻ ሄጄ እንዳልቀበላት ባሌ ሞቶብኝ ዒዳ ላይ ነኝ፣ ከቤት አልወጣ!»

ቡዜ ወደ ጎን ዘንበል ብላ፣ «የሞተውን ትታ የምትመጣውን ልትቀብር ነው» ስትል ሹክ አለች። ከድጃ ሰማቻት፤ አልተቆጣችም። ሟቹ ጀማሉዲንም እንዲሁ ነበር የሚያሾፍባት።

ባሏ ጀማሉዲን የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ዘበኛ ነበር። አብረው ያሳደጓት የልጅ ልጃቸው መርየም መቀሌ ዩኒቨርሲቲ ስትመደብ፣ ከድጃ እህል አልወርድ አላት። አንድ ቀን ከሥራ ገብቶ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣ «አብራሪዎቹን ጠይቄልሽ መጣሁ» አላት። «በአየር ሁለት መቶ ስልሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ናት። ሃምሳ ደቂቃ! አንቺ ፒያሳ ደርሰሽ ጨው ገዝተሽ እስክትመለሺ እሷ እዚህ ናት።»

ያን ቀን በላች።

ረፋዱ ላይ መርየም ገባች። ከድጃ ከተቀመጠችበት አቀፈቻት፤ እያለቀሰችም ትኩሳት እንዳለባት ሁሉ የመርየምን ግንባር ዳበሰች።

«አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ልጄ። ጠብቁ ብያቸው ነበር፤ አጎትሽ ነው እምቢ ያለኝ።»

መርየም ቀና አለች። «አጎቴ? እማ፣ ቅበሩት ያልኩት እኔ ነኝ።»

ከድጃ እጇን ከልጅቱ ግንባር ላይ አነሳች።

«ደውሎ ‹እንጠብቅሽ ወይ› ብሎኝ ነበር። ቀጥታ የሚመጣ አውሮፕላን የለም። አዲስ አበባ ወርጄ፣ እዚያ ደግሞ ቦታ እስካገኝ አድሬ ነው የመጣሁት። አባን እስከዚያ አቆዩልኝ ልበል? ለእርስዎ እንዳይነግር ያስማልኩትም እኔ ነኝ። እንዲህ እንደሚቆጡት መች አወቅኩ!»

«ሃምሳ ደቂቃውስ? አያትሽ…»

«በአየሩ እውነት ነው። የሚበርበት ግን የለም። አባ ያውቁ ነበር። ‹አያትሽ እህል እንድትቀምስ አንቺም ሃምሳ በያት› ብለውኛል።»

አራት ዓመት። ክረምት ከበጋ፣ ልጅቱ ቅርብ ናት እያለች የተኛችበት አራት ዓመት።

«አልሃምዱሊላህ» አለች ከድጃ ቀስ ብላ። «እንዲህ አድርጎ የሚዋሽልኝ ሰው ሰጥቶኝ ነበር።»

በሺር የመርየምን ሻንጣ እንዳንጠለጠለ በሩ ላይ ቆሟል። ለማስቀመጥ እንኳ አልደፈረም። ከድጃ ምንጣፉ ላይ ፈቀቅ አለች፤ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ አጠገቧ የተለቀቀውን ቦታ በመዳፏ መታ መታ አደረገችለት።