የአክስቷ ጎመንና የፋብሪካው ሪፖርት

የቆዳ ፋብሪካው የአካባቢ ጥበቃ ሪፖርት ጸሐፊ በየዓመቱ የምትጽፈው ስለ ችግኝ ተከላ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ጉድ መጣ። ክረምት ላይ የፋብሪካው የፍሳሽ ገንዳ ሞልቶ ፍሳሹ ወንዝ ገባ፤ ከወንዙ ዳር ያለው የአክስቷ ጎመን ቢጫ ሆኖ አለቀ። የጎረቤቶቿም እንዲሁ።

አክስቷ ታዲያ ጥፋቱን በራሷ ላይ ደፈደፈችው። ያን ሰሞን ማዳበሪያ ገዝታ ለጎረቤቶቿ ያካፈለችው እሷ ነበረቻ! «ሰውን የጨረስኩት እኔ ነኝ» እያለች ከሰው ፊት መቆም አቃታት። ያንኑ ጎመን ሸጣ ጸሐፊዋን አሳድጋ ያስተማረች ሴት ናት። ጸሐፊዋ ደግሞ እውነቱን እያወቀች፣ ሪፖርቱ እስኪወጣ ትንፍሽ እንዳትዪ ተብላ አፏን ይዛ ከረመች።

ሪፖርቱ ላይ «ወንዙን የበከልነው እኛ ነን» ብላ ጻፈች። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው አንብቦ ሳቀ።

«እህቴ፣ ይሄ ሪፖርት ነው ንስሐ?» አላት። ሰረዘና «ያልተጠበቀ ክስተት ተስተውሏል» ብሎ ተካው፤ ከጎኑም የችግኝ ፎቶ ለጠፈበት። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ልማዱ ነው፤ ጥፋት ሲበዛ ችግኝ ይበዛል።

ሥራ አስኪያጁ ሊፈርሙ እስክሪብቶ ሲያነሱ፣ ጸሐፊዋ «ጋሼ፣ አክስቴ እኮ ጎመኑን የገደለው የኔ ማዳበሪያ ነው ብላ ታምናለች» አለች። የቀረውንም ዘረገፈችላቸው።

«እስከ ዛሬ?»

«እስከ ዛሬ።»

ሥራ አስኪያጁ የኃላፊውን ዐረፍተ ነገር ሰርዘው የእሷን በእጃቸው መለሱት፤ ፈረሙበትም። «የአትክልቱን ካሳም ጨምሪበት። እስኪታተም ደግሞ አትጠብቂ፣ አሁኑኑ ሂጂና ንገሪያት» አሉ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ የተፈረመበትን ወረቀት ይዛ ወጣች። በመኪናው ያደረሳት ያው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ነው፤ የችግኙን ፎቶ ከሪፖርቱ ላይ ራሱ እንዳነሳው መንገድ ላይ ነገራት።

ወረቀቱን ስታነብላት አክስቷ ባዶው መደብ ዳር ተቀምጣ አዳመጠቻት።

«እኛ ሲል፣ ፋብሪካው ነው?»

«ፋብሪካው ነው፣ አክስቴ። አንቺ የለሽበትም። እያወቅሁ ዝም አልኩሽ፣ ይቅር በዪኝ።»

አክስቷ ዓይኗን ጠራረገች። «ተባረኪ፣ ልጄ። እነዚያን ሰዎችም አመስግኚልኝ» አለችና ወረቀቱን ተቀበለቻት። ከዚያም ክረምቱን ሁሉ ስትሸሸው የከረመችውን የጎረቤቷን በር ሄዳ አንኳኳች።